የአምሳል ፍች

አምሳል ወረታ ከተማ፣ ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ፣ ሩዝ እያስፈለፈለች ትሸጣለች። እጮኛዋ የኔነህ ካምፓላ መኪና ይጠግናል። እዚያው ሊጋቡ ተስማሙ። ሁለቱም ለአገሩ እንግዳ ናቸውና የካምፓላው ጋብቻ መዝጋቢ በትዳር ላይ አለመሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ከኢትዮጵያ አምጡ አላቸው።

የወረታው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን አየና፣ «የተመዘገበ ጋብቻ የለሽም። ያላገባች ብዬ ልጻፍልሽ» አላት።

«አግብቼ ነበር።»

ገና በልጅነቷ ለባየህ ተድራ፣ ዓመት ሳይሞላ አክስቷ ዘንድ ወረታ ሸሽታ ገባች። ሽማግሌ ለያያቸው፤ ፍርድ ቤት ግን የሄደ አልነበረም።

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው?»

«ሰርጌን የበላ ሁሉ። ካምፓላ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ የጋብቻ ማስታወቂያ ላይ ስማችን ይለጠፋል፤ እዚያም የፎገራ ሰው አለ።»

ሠራተኛው እንግዲያው የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አላት።

ባየህን ከርብ ወንዝ ማዶ ሩዝ ሲያጭድ አገኘችው። ከተለያዩ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ፍርድ ቤት ቀርቦ መለያየታቸውን እንዲመሰክር ስትጠይቀው ማጭዱን እንደያዘ ሰማት።

«እኔ ሌላ አግብቻለሁ» አለ። «በሕግ ካልተፋታን፣ በሁለት ሚስት አይከሱኝም?»

አምሳል ይህን አላሰበችውም ነበር። ሚስቱ ሙናዬ ምሳ ይዛ መጥታ ቆማ ትሰማለች።

«ታዲያ እኔ ምንህ ነኝ?» አለችው።

«ሚስቴ ነሽ እንጅ።»

«በሕጉስ?»

ባየህ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሂድና ቃልህን ስጥ» አለች ሙናዬ። «የእሷም ይለይላት፤ የእኔም ይለይልኝ።»

ዳኛው የለያዩአቸውን ሽማግሌዎች አስጠርተው ሰሙ። ተለያይተው ብዙ ዘመን መኖራቸውን፣ ባየህም ቤተሰብ መመሥረቱን አይተው፣ ጋብቻው ድሮ መፍረሱን በውሳኔ አረጋገጡ። ክስ ያነሣ የለም። ሙናዬ ብዙም ሳትቆይ ባየህን ይዛ ሄዳ የራሳቸውን ጋብቻ አስመዘገበች።

የኔነህ ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ሐሙሲት ያሉት እናቱ ግን ወሬውን ከገበያ ሰምተው፣ «ፈት ነው የምታገባ?» አሉት። እሱም «አዎ» አላቸው።

አምሳል በውሳኔው መሠረት የወጣላትን ማስረጃ አዲስ አበባ አስተርጉማ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጣ ወደ ካምፓላ ተጓዘች። ማስታወቂያው ተለጠፈ፤ የተቃወመ አልመጣም። በተጋቡበት ቀን የኔነህ ወደ ሐሙሲት ቢደውል እናቱ ስልኩን አላነሡም። በሳምንቱ ግን ራሳቸው ደውለው፣ «እሷን አገናኘኝ» አሉት።