የጦር ሰፈሩ ስልክ ማዞሪያ

በጃንሆይ ዘመን፣ አሥመራ በነበረ አንድ የጦር ሰፈር ስልክ ማዞሪያ ላይ የተቀመጥሁት የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነበርሁ። አማርኛ የተማርሁት በትምህርት ቤት ስለሆነ፣ «ሐ»ን እንደ ትግርኛችን ከጉሮሮዬ ሳወጣት ወታደሮቹ ይስቁብኝ ነበር።

የእኔ መቀጠር ጉምጉምታ አስነሣ። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ኮሎኔሉ መኮንኖቹንና የመገናኛውን ባሻ ሰብስበው እኔንም አስጠሩኝ። በሩ አጠገብ ቆሜ ስለ ራሴ ሲከራከሩ ሰማሁ።

«ሴት ምስጢር አትጠብቅም፣ ጌታዬ» አለ ሪዛሙ ባሻ።

«እስከ ዛሬ ከዚህ ሰፈር የወጣው ምስጢር በማን አፍ ወጣ? ሴት ነበረች እንዴ?» አሉ ኮሎኔሉ።

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ኮሎኔሉ ምክንያታቸውን ዘረዘሩ። የሴት ድምፅ በስልክ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ማዞሪያው ላይ ተቀምጦ የኖረው ወታደር ለሜዳ ይለቀቃል፤ እንግዳ ሲመጣም ሠራዊቱ መሠልጠኑን ያያል። «መብቷ ነው» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ቅር አላለኝም፤ ሥራውን ወድጄው ነበር።

«ጥያቄ አለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አለኝ፣ ጌታዬ። የተካሁት ወታደር ሬዲዮ ተምሮ ነበር። በእሱ ቦታ ከገባሁ፣ ለእኔስ አይገባኝም?»

ኮሎኔሉ ወደ ባሻው ዞሩ። «መልስላት እንጂ!»

«ነገ ጠዋት ትምጣ» አለ ባሻው፣ መሬት መሬት እያየ። የሬዲዮ አስተማሪው እሱ ነበር።

ቁጡ ነበር፤ የሚያውቀውን ግን አልሰሰተብኝም። መልእክት ሳልሳሳት የተቀበልሁ ዕለት የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ጽቡቕ» አለኝ በትግርኛ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። በአማርኛ ማመስገን የከበደው ይመስል ነበር። ደስታዬ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ቆይቶ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። አዲስ የመጣ መቶ አለቃ ሴቶች ለምን እንደ ተቀጠሩ ሲጠይቅ፣ ባሻው ከጀርባዬ ቆሞ፣ «ሴት ትዕግሥት አላት፤ ለኮሎኔሉም ያን ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ» ሲል ሰማሁት። ሳቄን ለመዋጥ ስልክ የተደወለ አስመስዬ ወደ ማዞሪያው አጎነበስሁ።

ቅዳሜ ማታ ሦስታችን ኮምቢሽታቶ በሚባለው ዋና ጎዳና አንድ ቡና ቤት ገብተን ማኪያቶ ስንጠጣ፣ ታናሽየዋ «ለምን ይሆን ሴት የቀጠሩት?» ብላ ጠየቀች።

«ምክንያቱ እንደ ተናጋሪው ነው» አልኋት፤ የባሻውን ነገር ስነግራቸው እየሳቅን ወደ መንገዱ ወጣን።