የውሻዬ ክኒን

ውሻዬ በእርጅና ሲሞት በወጉ እንኳን አላለቀስኩለትም። የተረፈው ክኒን ፋታ ነሳኝ። ለመገጣጠሚያ ሕመሙ የታዘዘለት ነበር፤ ጠርሙሱ ገና አልጎደለም። ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት፣ መልሼ አነሳሁት፣ ኪሴ ከተትኩት። እዚያም ቆረቆረኝ።

ኮልፌ፣ እኛ ግቢ፣ መድኃኒት አይጣልም። የተረፈ ሽሮፕ ከአንዱ ቤት ልጅ ወደ ሌላው ቤት ልጅ ይዞራል፤ አንዱን ያዳነ ሌላውንም ያድናል ይባላል። አጠገቤ የሚኖሩት እማማ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያ ሲያነክስ የነበረ ውሻ ክኒኑን ውጦ ደረጃ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ሊያጽናኑኝ መጡና ወሬውን አዙረው አዙረው ክኒኑ ላይ አደረሱት።

የእንስሳ ነው፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል አልኳቸው። የእሳቸው ጨጓራ ድሮም በሽተኛ ነው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። የሰሰትኩ መስሏቸዋል ብዬ እኔም ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጥለው፣ የቆሻሻውን ማዳበሪያ የሚሰበስቡት ሴቶች አገላብጠው ያዩታል፤ አንዷ ለታመመ ዘመዷ ትወስደዋለች። ሽንት ቤት እንዳልጨምረው፣ የእኛ ሽንት ቤት መጨረሻው ወንዝ ነው፤ ከታች በዚያ ውኃ ጎመን ይለማል። ቤት ትቼው እንዳልወጣ፣ ቁልፌ የሚቀመጠው እማማ ጋ ነው። ቁልፉን ልቀበላቸው ብል ደግሞ ሌባ አልኳቸው ማለት ነው። ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ።

በነጋታው ታክሲ ይዤ አስኮ ወዳለው፣ ክኒኑን ወደገዛሁበት የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ጠርሙሱን ተቀበለኝና ጊዜ ካለፈባቸው መድኃኒቶች ጋር እንደሚያስወግደው ነገረኝ። ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ስመለስ እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። መድኃኒቱን እንደመለስኩት ነገርኳቸው፤ ቢውጡት ይጎዳዎት ነበር አልኩ፣ ድምፄም ሳላስበው ከፍ አለ።

እሳቸው ግን አልተቆጡም።

"ይሁን ልጄ፣ ለእኔው ብለህ ነው። ውሻህን አቅፈህ በኮንትራት ታክሲ ሐኪም ቤት ስትወስደው በመስኮት አይህ ነበር። እኔን ግን ጉልበትሽ እንዴት ነው ያለኝ ሰው የለም።"

በጣም አፈርኩ። ጫማዎን ያድርጉ አልኳቸውና መንገድ ወጥቼ ታክሲ አስቆምኩ። ዘነበወርቅ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ገባን። ወጣቷ ሐኪም ከእማማ ይልቅ እኔን እያየች ሕመሙ መቼ እንደጀመራቸው፣ የትኛው እግር እንደሚብስ፣ ሌሊት ይተኙ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልጃቸው መስያታለሁ።

የውሻዬ ሐኪም ይህንኑ ሲጠይቀኝ አንዱንም ሳልስት ነበር የመለስኩለት። አሁን አፌን ከፈትኩ፤ የማውቀው ነገር አልነበረም።