ነቢዩ ያላለቀሰ ለት

ይህ የሆነበትን ዓመት በትክክል አላስታውሰውም፤ ቀይ ሽብር መሆኑን ብቻ ነው። ሰሞኑን አያት አካባቢ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ አይቼ ቀናሁ። በለቅሶ ይቀናል ወይ ትሉ ይሆናል።

ታላቅ ወንድሜ የተገደለ ጊዜ ቀበሌው «ያለቀሰ ይታሰራል» አለን። ቤት መዋልም እንደ ለቅሶ ይቆጠር ነበርና እናቴ በማግስቱ ዘንቢሏን ይዛ ሾላ ገበያ ልትሄድ ተነሣች። አብዮት ጠባቂው ደጃችን ቆሟል። እጇ ልማዱን አልተወም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳዋለች። ሊያጽናኑን የመጡት የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ጻድቅ ብድግ አሉና ጥለቱን ራሳቸው አቃኑላት።

«ይቺን እንኳ ልከልከል፣ አባቴ?» አለች።

«ነቢዩ ሕዝቅኤልም ሚስቱ ስትሞት አታልቅስ ተብሎ፣ ጥምጥሙን አሥሮ፣ ጫማውን አጥልቆ ወጥቷል» አሏት።

እኔ ጎረምሳው ነደደኝ። «እንዲህ ብሎ የሚያዝ አምላክ ምን ልብ አለው?» አልኩ።

አልተቆጡኝም። «እኔም ሳነበው ይጨንቀኝ ነበር። አሁን ነጠላዋን ሳቃና ነው የገባኝ። ነቢዩ ለአገሩ ምልክት ነበር፤ ለልጁ ማልቀስ ያቃተው ሕዝብ፣ ፍርድ ማለት እሱ ነው። በምን ኃጢአታችን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ አላውቅም። በልብ መተከዝ ግን ለነቢዩም አልተከለከለም፤ ተክዝ ልጄ።»

እናቴ ጠባቂውን «እንደምን አደርክ» ብላው አለፈች። እሳቸው እስክትመለስ እጄን ጨብጠው ይዘውኝ ተቀመጡ። ቲማቲም ገዝታ መጣች።

ፍርዱ ለምን በእኛ ቤት እንደወረደ ዛሬም አልገባኝም። ያን ለት ጮኼ እንዳልወጣ የያዙኝ መምሬ ወልደ ጻድቅ ናቸው።