በሀጀራ ኮምፒውተር ውስጥ የከረሙ እንግዶች

ሀጀራ እምቢ ማለት የጀመረችው ገና ልጅ ሳለች፣ ሮቢት ላይ ነው። አባቷ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀብለው በግ አሳረዱ። ሽማግሌዎቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሲነሡ፣ ሙሽራ የተባለችው ልጅ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ወጥታ ቆቦ ገብታ ነበር፤ ታይፕ ልትማር። አባቷ ዓመት ሙሉ አኮረፏት። እሷም አኮረፈቻቸው።

ከዚያ በኋላ እዚያው ቆቦ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትጽፍ ኖረች። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፤ ፊርማው የእነሱ ነው፣ ጣቱ የእሷ። ግማሾቹ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር እንኳ መጨረስ አይችሉም ነበር፤ የምትጨርስላቸው እሷ ናት። ደብዳቤው ሲወደድ የኃላፊው ብዕር ይባላል፤ ስሕተት ሲገኝበት ጸሐፊዋን ጥሯት ይባላል። ጡረታ ስትወጣ አንድ ቴርሞስ ሸለሟት። እስከ ዛሬ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ አልከፈተችውም፣ አትከፍተውምም።

ኮምፒውተሩ የልጇ የዒምራን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሷና አላህ ይዘንለትና ባሏ ከማሉዲን ተጋግዘው ገዙለት። ልጁ ተመርቆ ደሴ ሥራ ሲይዝ ላፕቶፕ ገዛና አሮጌውን ለእናቱ ትቶላት ሄደ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ የመጣ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ያለውን ሲሸሽግ፣ ሀጀራ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ከጓሮዋ የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ አወረደችው፤ ማሽላም ደፋችበት። ነገሩ አልፎ ስታወጣው ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳቀ። ራያ ውስጥ ማሽላ ከጉድጓድ ሲወጣ ማንም አይገረምም፤ ኮምፒውተር ሲወጣ ግን ማን አይቶ ያውቃል? እሷ አቧራውን እፍ እፍ ብላ፣ ጠራርጋ ሰካችውና ቢስሚላህ ብላ ተጫነችው። በራ። የሳቁት ሁሉ ወደየቤታቸው ገቡ።

ቤቷ ጭር ስላለባት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነጥብ ያልመጣላቸውን የሰፈሩን ልጃገረዶች ጽሕፈት ታስተምር ጀመር። በአንድ ኮምፒውተር፣ በተራ። አንዷ ስትጽፍ ሌሎቹ አግዳሚው ላይ ሆነው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ያለማምዳሉ። አሲያ የምትባለው ተምራ ጨርሳ ዋጃ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች፤ ከዚያ ወዲህ ወረፋው በዛ። እንግዲህ ምን ልትሆኚ ነው እየተባሉ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ሀጀራ ቤት ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም፤ የሚጠይቅ ቢመጣም በገባበት በር ይወጣል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ኮምፒውተሩ ሰነፈ። ጠዋት ተጭነውት ሲከፈት ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ትደርሳለች። ማንም ምንም ሳይነካው ማራገቢያው ይጮኻል። ትርሲት የምትባለው ልጅ አንድ ፊደል መትታ፣ ላቧን ጠርጋ ስትመለስ ፊደሉ ገና አልወጣም። ሀጀራ ዒምራን ጋ ደወለች። አርጅቷል አላት። ለአረፋ ስመጣ ወስጄ እጥለዋለሁ፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ስልክ እገዛልሻለሁ፣ ከእንግዲህ እረፊ አላት። ሌላው ሌላው ብዙም አልከፋትም፤ እረፊ ያላት ግን ሆዷ ውስጥ ገባ። እሷ ስታርፍ እነዚህ ልጆች ወዴት ሊሄዱ ነው? ይኸ ኮምፒውተር ከቤት ከወጣ ሌላ እንደማይተካ ታውቃለች። ትምህርቱም ያኔ ያበቃል።

ጎረቤቷ አራጌ ኮምፒውተር ይጠግናል። አስጠራችው፤ መጥቶ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ረጅም ዝርዝር ያለበት መስኮት ተከፈተ። እትዬ ሀጀራ፣ አንድም ፕሮግራም ሳይከፍቱ ይኸ ሁሉ ከስክሪኑ ኋላ ሆኖ እየሠራ ነው፣ እያንዳንዱም ከኮምፒውተሩ ጉልበት ይቆርሳል ብሎ አስረዳት። ፎርማት ላድርገውና ሁሉም ይጥራ አለ። እሷ ግን ማን አስገባቸው ብላ ጠየቀች። አንዳንዱ የኮምፒውተሩ የራሱ ነው፣ ያለሱ አይቆምም፤ ሌላው ግን እርስዎ ፈቅደውለት ነው የገባው አላት፣ ሳቅ እያለ።

እውነቱን ነው። አዲስ ነገር በተጫነ ቁጥር ትንሽ ሣጥን ብቅ ትልና ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሬ ልነሣ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሀጀራ ሁልጊዜ እሺ ትላለች። ወሎ ውስጥ ደጅ ቆሞ ፍቀጂልኝ ያለን በምን አፍ እምቢ ይሉታል? እንግዳ ይገባል፣ ውሃ ይቀርብለታል፣ ይበላል፤ የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ ወዴት ነው የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ሀጀራ አስገብታ፣ አብልታ፣ የማን ልጅ ነህ ማለቱን ረስታዋለች። አባቷን እምቢ ያለች ሴት ለአንዲት ሣጥን እምቢ ማለት አቅቷት፣ እንግዶቹ ከርመዋል።

"ፎርማት አይደረግም" አለችው አራጌን። "ማን እንደገባ ሳላውቅ ብታጠራውማ፣ ነገ ተመልሰው ይገባሉ።"

በማግሥቱ በንዴት ተነሣች። አራጌ ያሳያትን መስኮት ከፈተችና ስሙን የማታውቀውን ሁሉ ትዘጋ ጀመር። አልዘጋም ያለም ነበረ፤ አንዱ እንዲያውም ሲዘጋ ከዝርዝሩ በቀር ስክሪኑን ሁሉ ጥቁር አደረገው። አልደነገጠችም። ከነሥራቸው ለመንቀል፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው ከሚነሡት ዝርዝር ውስጥም አንድ ሳታስቀር ከለከለቻቸውና አጥፍታ አበራችው። ኮምፒውተሩ ቀልጠፍ ብሎ ተነሣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ትርሲት ተራዋ ነበርና ተቀምጣ ማመልከቻ ልትጽፍ ጣቷን አሳረፈች። የወጣው የፈረንጅ ፊደል ነው። ደግማ መታች፤ አሁንም የፈረንጅ ፊደል። አማርኛው የለም።

ስክሪኑ ጥግ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ምልክት ቁጭ ብላ ትውል ነበር። አማርኛውን ስታስጽፍ የኖረችው እሷ ናት። ማንም ከፍቷት አያውቅም፣ ማንም ልብ ብሏት አያውቅም። ሀጀራ አፈረች። ያፈረችው ልጆቹን አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ጥግ ተቀምጣ ለሌላው ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ ስሟን አላውቀውም ብላ ቢጤዋን ማባረሯ ነው ያንገበገባት። ልጆቹን በጊዜ ሸኘቻቸውና ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ እንደ አገሩ ወግ አደረገችው። በቀን አንዱን ብቻ ትይዛለች። ስሙ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ስትጫን ከየትኛው ፎልደር እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው ይናገራል፤ አገሩንና አባቱን እንደመጠየቅ ነው። ያልገባትን ስልኳ ላይ ትፈልጋለች፣ ካልሆነም አራጌን ትጠይቃለች። ከዚያ አብሮ እንዳይነሣ ትከለክለውና ትጠብቃለች። የጎደለ ነገር ካለ ትመልሰዋለች፣ ከሌለ ታሰናብተዋለች። መጀመሪያ የመለሰችው አማርኛውን ነው። ሁለት አንቲቫይረስ አገኘች፤ አንድ በር ላይ ቆመው እርስ በርስ ሲፈታተሹ የሚውሉ ዘበኞች። አንዱን አስቀረች። ድሮ ተሰብሮ የተጣለ ፕሪንተር ይመጣል ብሎ በየማለዳው እየተነሣ የሚጠብቅም ነበረ። እሱ አሳዘናት፤ ግን አሰናበተችው።

የቀሩት አብዛኞቹ የዒምራን ነበሩ። ጨዋታ የሚያድስ፣ ፊልም የሚያወርድ፣ የኳስ ውጤት የሚያመጣ። ልጁ ደሴ ከገባ ስንት ዘመኑ፤ እነሱ ግን እናቱ ሳትነሣ እየተነሡ እሱን ሲጠብቁ ይውላሉ። እነዚህን ስታስወጣ እጇ ትንሽ ዘገየ። አስወጣቻቸው።

ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ አልሆነም። ግን ፊደል ሲመታ ፊደል ይወጣል፤ ሀጀራ ከዚህ በላይ አልፈለገችም።

ዒምራን ለአረፋ መጣ። በዓሉ አለፈ፣ ሥጋው ተበላ፤ ሊመለስ ሲል ባጃጅ ደጅ አቁሞ ባዶ ካርቶን ይዞ ገባ። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ነበሩ፣ ሀጀራ ኮምፒውተሩ ፊት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱ ስትደክም ማየት አይወድም። እናቱ ምን እንደምትወድ ግን ጠይቋት አያውቅም። ተስተካክሏል አለችው። ምን እንደዘጋችና እንዴት እንደለየችም ነገረችው። እሱ ዛሬ ቢሠራ ነገ ይቆማል፣ ይኸ ሁሉ ልፋት ለምንሽ ነው አላት። ቀጥሎ ባይለው ይሻለው የነበረውን ተናገረ።

"እማ፣ አንቺ የተማርሽው ታይፕ ነው። ከኋላ የሚሠራውን ለሚያውቀው ሰው ተዪው።"

"ከኋላ መሥራትንማ ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?" አለች ሀጀራ። "አንተን ያስተማረህ እሱ ነው። ይኼን ኮምፒውተር የገዛልህም እሱ ነው። አላየኸኝም እንጂ ቆሜ አላውቅም።"

ዒምራንም የእናቱ ልጅ አይደል፣ ካርቶኑን መሬት ላይ አድርጎ ገመዱን ሊነቅል ጎንበስ አለ። ሀጀራ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ ሁለት እጇን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነች።

"የምታነሣው ከሆነ እኔንም ከነወንበሬ አንሣኝ። ካርቶንህ ግን አይበቃም።"

አንዷ ልጅ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ውጭ ባለባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ዒምራን ቀና ብሎ እናቱን አየ፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ልጆች አየና ወጣ። ባጃጁ ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማ። ሀጀራ ሳይሰናበታት የሄደ መሰላት፤ እጇን ግን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሣችም።

ጥቂት ቆይቶ ዒምራን ባጃጁን አሰናብቶ ተመልሶ ገባና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"የኔን ሁሉ አስወጣሽው?" አለ ቀስ ብሎ።

"የማይሠራውን ነው ያስወጣሁት" አለችው። "አንተን ማን ውጣ አለህ? የማትመጣው አንተ ነህ።"

ዒምራን ባዶውን ካርቶን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው። ሀጀራ ተነሥታ ወንበሩን ተራዋ ለደረሰው ለትርሲት ለቀቀችላት።