ለወፍራም ሰው የሚሆን ሞላ

ሰመራ ላይ መወፈር እንደ ሹመት ይቆጠራል። ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር ሆዴን እያዩ "ተመችቶሃል!" ይሉኛል። ምኑ እንደተመቸኝ እኔ እንጃ። ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ፣ መሃሉ ሁሉ ሙቀት። እንደነሱ የማይሸነግለኝ ሞተሬ ብቻ ነበር። ስቀመጥበት የኋላው እንደ ደከመ ግመል ይንበረከካል።

ሥራዬ የእንስሳት ክትባት ነው። መኪና የማይደርስበት ቦታ የምሄደው በመሥሪያ ቤቱ የገጠር ሞተር ነው። የሠሩት ሰዎች በሐሳባቸው ያስቀመጡበት ሰው ቀጭን መሆን አለበት፤ ስረከበው እኔም ቀጭን ነበርኩ። እሱ እንዳለ ቀረ፣ እኔ ጨመርኩ። አፋምቦ መንገድ ላይ ድንጋይ ባገኘሁ ቁጥር ንዝረቱን ሊውጥ የተሠራው የኋላው አሞርዛተር እስከ መጨረሻው ይገባና ኳ ይላል፤ ያ ኳታ መጥቶ ወገቤ ላይ ያርፋል። ጠዋት ከአልጋ የምወርደው በጎኔ ተንከባልዬ ነው።

አለቃዬ ስነክስ አይቶኝ "ካልቻልክ እኮ የመድኃኒት መጋዘኑ ሰው ይፈልጋል" አለኝ። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን በገንኩ። ጥላ ውስጥ ቁልፍ ይዞ መቀመጥ ነው፤ ስንቱ የሚመኘው ሥራ። ከደጋ መጥቼ በዚህ ሐሩር የከረምኩት ግን ለመጋዘን አይደለም። ሞተሩን አቁሜ ሄልሜቴን ሳወልቅ፣ ፍየሎቻቸውን እየነዱ የሚመጡት ሰዎች "መጣ!" ሲባባሉ፣ ከሳምንቱ ውስጥ ለአንድ ነገር የምጠቅም የሚመስለኝ ያኔ ብቻ ነው። "ችግሩ የሞላው ነው፤ ሞላው ይቀየርና እናያለን" አልኩት።

ሞላ አሞርዛተሩን ዙሪያውን የከበበው የብረት ጥቅል ነው። ለሰውየው ክብደት ከላላ፣ ሌላውን ሁሉ ብትነካካው ከንቱ ነው። ይህን በስልክ የነገረኝ አዋሽ ያለ መካኒክ ነው፤ የሞቱ ሞተሮችን ሞላ የሚሰበስብ፣ ሲያወራ ጉራው የማያልቅ ሰው። "ኪሎህን ይዘህ ና!" ብሎ ጮኸብኝ። "ቦቲህን አድርገህ፣ ሄልሜትህን ደፍተህ፣ የክትባት ሳጥንህን አዝለህ ተመዘን። ራቁትህን አይደለም የምትነዳው!"

ሰመራ ውስጥ እኔን ከነጓዜ የሚችል ሚዛን ብፈልግ አጣሁ። ሞተሩን ወደ አዋሽ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ጫንኩና ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ ጥጥ ሊጭን መልካ ወረር ታጠፈ። እዚያ አንድ እርሻ በር ላይ ትልቅ የጥጥ ሚዛን ቆሟል፤ ለወቅቱ ከደጋ የወረዱ ለቃሚዎች ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እኔም ሄልሜቴን ደፍቼ፣ ሳጥኔን አዝዬ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ወጣሁ። መዛኙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ቁጥር ጠራና "ቀጣይ!" አለ። አንዷ ለቃሚ "ይሄን ጥጥ ደግሞ ማን ለቀመው?" ብላ ሰልፉን አሳቀችው። እኔም ሳቅሁ። የተጠራው ቁጥር ከፈራሁት በብዙ ያነሰ ነበር፤ እስከ አዋሽ ድረስ የቀለልኩ መስሎኝ ሄድኩ።

መካኒኩ ቁጥሩን ሰምቶ ከክምሩ ውስጥ አንድ ሞላ መረጠ፤ "ይሄ ለአንተ ተብሎ የተሠራ ነው" አለ። ከገጠመው በኋላ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ፣ ከኋላ ጎማ መሃል እስከ ጭራው በሜትር ለካ። ከዚያ እኔን ከነጓዜ አስቀምጦ ደግሞ ለካ። በልዩነቱ ነው የሚታወቀው፤ አሞርዛተሩ መውረድ ከሚችለው ሲሶው ያህል ብቻ መውረድ አለበት። የእኔ ከግማሹ አለፈ። የሞላውን ቀለበት እስኪበቃው አጠበቀው። አሁን ስቀመጥበት ልክ መጣ፣ ስወርድ ግን ሞተሩ እንደ ጣውላ ድርቅ ብሎ ቆመ። "ማጥበቅ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ጉልበት አይሆነውም" አለና ሜትሩን ወረወረው። "በገዛ ክብደቱ ትንሽ እንኳ ካልወረደ ሞላው ያንተ አይደለም። እንዴት ይሆናል? እኔ ተሳስቼ አላውቅም! የት ነው የተመዘንከው?"

"መልካ ወረር። በጥጥ ሚዛን።"

ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልጅነቱን ጥጥ ሲለቅም ነው ያሳለፈው። "ወይ ጉድ! ጆንያውን ቀንሶልሃል! ወንድሜ፣ የጆንያውንም የጤዛውንም ቀንሶልሃል!"

እውነቱን ነበር። የመዛኙ ዓይን ሚዛኑን ያያል፣ አፉ የጆንያውንና ጤዛው የሚጨምረውን ኪሎ ሳይጠየቅ ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ላይ የወጣው ጥጥ ይሁን ሰው ግድ የለውም። አብሬው ሳቅሁ፣ ግን ደከመኝ። ቀለልኩ ብዬ የተደሰትኩበት ኪሎ ሁሉ የጆንያ ኖሯል። መካኒኩ ጠንካራ ሞላ አወጣ፣ የፊት ጎማውን የያዙትን እግሮች ዘይትም በወፍራም ቀየረ። እንደገና ተቀመጥኩ፣ ተለካ፣ ልክ ሆነ። ወረድኩ፣ ያም ልክ ሆነ። ሞተሩ ቻለኝ።

በሳምንቱ ወደ አፋምቦ ወጣሁ። ድንጋዩን ሁሉ ሆን ብዬ ፈለግሁት። ኳታ የለም። ሞተሩ ጉድጓዱን ዋጥ እያደረገ ያልፋል፤ እንዲህ የተመቸ ነገር ነድቼ አላውቅም። ወገቤ ግን ያው ነው። አሳይታን ካለፍኩ በኋላ ባሰበት፤ አቁሜ ወረድኩ። ውሃ ጠጥቼ ልመለስበት ስል እግሬ አልነሳም አለ። ኮርቻውን ይዤ ብዙ ታገልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከርሜያለሁ። ከዚህ ወዲያ የማመካኝበት ሞላ አልነበረኝም፤ ማልቀስ አማረኝ።

አንድ ሽማግሌ ግመላቸውን እየሳቡ መጡ። በአማርኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ እዚህ አገር ሰላምታ አይቸኮልም።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ሰመራ ደህና ነው? ዝናብ አለ?"

"ደህና ነው፣ አባቴ። ዝናብ የለም።"

"መንገድ ደህና ነው? ሞተር ደህና ነው?"

"ሞተሩ በጣም ደህና ነው።"

"አንተስ?"

እንዲህ ሲባል መልሱ መጀመሪያ "ደህና" ነው፤ ክፉው ወሬ በኋላ ተራው ሲደርስ ይነገራል። ይህን ሥርዓት አሳምሬ አውቀዋለሁ። "እኔ ደህና አይደለሁም" አልኳቸው። አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። የግመሉን ገመድ ክርናቸው ላይ ጠመጠሙና የሞተሩን መሪ በሁለት እጃቸው ያዙ። "ውጣ። እኔ ይዣለሁ" አሉ። ትከሻቸውን ተደግፌ ወጣሁ።

በማግሥቱ የሞተሩን ቁልፍ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ቁልፉንም እኔንም አየና "ሞተሩ አሁንም አልተስተካከለም?" አለኝ።

"ተስተካክሏል" አልኩት። "ለሚረከበው ሰው ግን ሞላውን ቀይሩለት። ይሄ ልኩ የእኔ ነው።"