በአሲድ ስም የኖረው ዊስኪ

አቶ ኤርካሎ በዕድሜያቸው ሙሉ አልኮል የሚባል ነገር ቀምሰው አያውቁም። ሶዶ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ይህን እንዲያውቅ ደግሞ በትጋት ሠርተዋል። ሰርግ ላይ የሚቀርብላቸውን ለስላሳ ሳይቀር አሽትተው ነው የሚጠጡት። መጠጥ ቤት ደጃፍ የቆመ ወጣት ካዩ ባጃጅ አስቁመው ይወርዱና ይመክራሉ፤ ምክሩ ሲያበቃ ወጣቱ ቆሞ፣ ባጃጁ ሄዶ ይገኛል። እኚህ ሰው መኝታ ክፍላቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ጠርሙስ የስኮትላንድ ዊስኪ አኑረዋል።

ጠርሙሱን ያገኙት በቤሌ ከተማ በኩል በሚሠራ መንገድ ላይ የመጋዘን ኃላፊ ሳሉ ነው። ሥራውን የመራው ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ በስጦታ ሰጣቸው፤ ያመረተው ፋብሪካ መዘጋቱንና ከእንግዲህ እንደማይገኝም ነገራቸው። አልቀበልም ማለት ነውር መሰላቸው፤ መድፋት ደግሞ ብክነት። ሸሸጉት። ነገር ግን የቤት ለቤት ጸሎት ተራ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ እንግዶች ኮታቸውን የሚሰቅሉት በዚያው ቁም ሣጥን ነበር። ስለዚህ አቶ ኤርካሎ ነጭ ወረቀት ቆረጡና በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «የባትሪ አሲድ፤ መንካት አደገኛ ነው» ብለው ጻፉበት፤ በአናጢ ኮላም የፋብሪካው ወረቀት ላይ አጥብቀው ለጠፉት። መኪና የሌለው ሰው የባትሪ አሲድ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ ጸሎተኛ አልነበረም። እሳቸውም ዋሸሁ ብለው አላሰቡም፤ የተናገረው ወረቀቱ ነውና።

ዘንድሮ ሁለት ምኞት በአንድ ጊዜ መጣባቸው። አንደኛው በግቢያቸው ጀምረው ያቆሟቸውን የሚከራዩ ክፍሎች ጣሪያ ማልበስ፣ ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያናቸው የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኖ መመረጥ። የቆየ ዊስኪ ሳይከፈት እንደ ጌጥ እንደሚሸጥ ስልካቸው ላይ ባዩ ማግስት፣ መናኸሪያው አጠገብ የውጭ መጠጥ የሚሸጠውን ሀብተጊዮርጊስን ፍለጋ ሄዱ። ሀብተጊዮርጊስ አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከተሙ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነጋዴ ነው።

«ጋሽ ኤርካሎ! በጓሮ በር?» አለ ሲያያቸው። «በጓሮ የሚመጡልኝ ደንበኞች ናቸው። እርስዎን በፊት ለፊት ነበር የምጠብቀው፣ ለምክር።»

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሮጌ ዊስኪ አለው።»

«ሰውየው ይጠጣል?»

«በፍጹም!»

«እንግዲያው ዊስኪው ደህና ነው።»

ሀብተጊዮርጊስ የፋብሪካውን ስም ሲሰማ ሳቁን ተወ። አዲስ አበባ ለሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ለሚሰበስብ ሰው ደወለ። ስልኩን ዘግቶ የሰማውን ዋጋ ሲናገር አቶ ኤርካሎ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ጣሪያው አልቆ ለቀለምም ይተርፋል።

«ክዳኑ ያልተነካ፣ መጠጡም ከአንገቱ ያልወረደ መሆን አለበት» አለ ሀብተጊዮርጊስ። «ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱ። ወረቀት የሌለውን ጠርሙስ ማን ያምነዋል?»

«በወረቀቱ ላይ ሌላ ወረቀት ቢለጠፍበትስ?»

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«የማውቀው ሰው... ጥንቃቄ ያበዛል።»

ሀብተጊዮርጊስ ታሪኩን ከብዙ ጉትጎታ በኋላ አወጣው፤ ከንፈሩንም ነክሶ እስከ መጨረሻው ሰማ። «እንዳይነኩት!» አለ። «ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። እንዴት እንደሚነሳ እሱ ያውቃል። ደግሞም ይወደዋል፤ እነዚህ ሰዎች ታሪክ ያለው ጠርሙስ ነው የሚፈልጉት። ከነአሲዱ ፎቶ አንስቶ ለዓለም ያሳየዋል።»

አቶ ኤርካሎ ከዚህ ሁሉ የሰሙት ፎቶ የሚለውን ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፤ ያን የእጅ ጽሑፍ የማያውቅ ምእመን የለም። ምርጫው ደግሞ እሑድ ነው። ዓርብ ዕለት ማንቆርቆሪያ ጥደው ጠርሙሱን በእንፋሎቱ ላይ ያዙት።

«አትንካው ተብለህ የለም እንዴ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣፈጠች።

«ጽሑፉን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ታዲያ ጽሑፉ ያንተው አይደል?»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ!»

ኮላው ታማኝ ነበር፤ የያዘውን አልለቀቀም። የባትሪ አሲዱ ወረቀት ሲላጥ የፋብሪካውን ስምና ዓመተ ምሕረት እንደ ቆዳ ገፎ ይዞት መጣ፤ የቀረውም በጣታቸው ሥር ላቆጠ። በእጃቸው የቀረው ቡናማ ፈሳሽ የሞላበት ራቁቱን የሆነ ጠርሙስ ነው።

ቅዳሜ ገዢው በሀብተጊዮርጊስ ጓዳ ጠርሙሱን በብርሃን ፊት አገላበጠው። «ክዳኑም የመጠጡ ልክም ግሩም ነው» አለ። «ግን ምንድን ነው?»

«የስኮትላንድ ዊስኪ ነው። የማውቀው ሰው...» አሉ አቶ ኤርካሎ።

«ያ ሰው ይምጣ። ከማን እንዳገኘው፣ የት እንዳኖረው በስሙ ይመስክርልኝና በግማሽ ዋጋ እወስደዋለሁ።»

ሀብተጊዮርጊስ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። አቶ ኤርካሎ እጃቸውን አፋተጉ፤ ጣሪያውን አሰቡ፤ እሑድንም አሰቡ።

«ሰውየው አይመጣም» አሉ በመጨረሻ።

በማግስቱ፣ ከምርጫው በፊት በነበረው የምስክርነት ሰዓት፣ አቶ ኤርካሎ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ መድረኩ ወጡ። አንድ የውጭ ሰው ይህን ፈተና በእጃቸው እንዳኖረው፣ ዘመኑን ሁሉ ክዳኑን እንዳልነኩት፣ ዛሬ ግን በጉባኤው ፊት ሊደፉት መምጣታቸውን ተናገሩ። ሕዝቡ ተከትሏቸው ወጣ፤ ዊስኪውም ግቢው ውስጥ ካለው ዝግባ ሥር ፈሰሰ። «አሜን!» እና እልልታ ሆነ። ከተናገሩት አንድም ሐሰት አልነበረበትም፤ የቅዳሜው ብቻ ተረሳ። ለገዢው በግማሽ ዋጋ ሊሰጡት ያልደፈሩትን ምስክርነት፣ ጠርሙሱ ዋጋ ካጣ በኋላ ለጉባኤው ሰጡት። ጉባኤውም ከፈላቸው፦ ያለ ተፎካካሪ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኑ።

ወደ ቤት ሲገቡ ከዳሞታ ተራራ የወረደው ዝናብ ጣሪያ አልባ ክፍሎቹ ውስጥ ኩሬ ሠርቶ ነበር። ወይዘሮ ጣፈጠች ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ቆመው አዩት።

«እንግዲህ ሰብሳቢ፣ እነዚህን በምን ልናለብሳቸው ነው?»

«ጌታ ያዘጋጃል።»

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ጣፈጠች። «ሲያዘጋጅ ግን እባክህ ወረቀት አትለጥፍበት።»