የየቡው አባት ምስጋና

አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት የትምህርት ቤታችን ስካውት የወንዶች ብቻ ነበር። እኛ ሴቶቹ አጥር ተደግፈን ገመድ ሲቋጥሩ፣ ሲፈቱ፣ እንደገና ሲቋጥሩ እናያለን። ምን ሊያስሩበት እንደሚማሩት አይገባኝም ነበር፤ በሰፈራችን የሚታሰር ነገር ፍየል ብቻ ነው፣ ለፍየል ደግሞ አንድ ቋጠሮ ይበቃል። በየቀኑ አንድ በጎ ሥራ መሥራት ደንባቸው ስለነበር ከገበያ የሚመለሱ እናቶችን ዕቃ ሳይጠየቁ ተቀብለው ይሮጣሉ፤ እናቶቹም «ሌባ!» እያሉ ከኋላ ይከተሏቸዋል። ያም ሆኖ በአረንጓዴው የአንገት ልብሳቸውና በፊሽካቸው ቅናት አንጀቴ ያርር ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ስካውት የአድኃሪያን ጨዋታ ነው ተብሎ ቀረ። ቀረ ስል፣ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። አረንጓዴው የአንገት ልብስ ቀይ ሆነ። በሦስት ጣት ይሰጥ የነበረው ሰላምታ አምስቱም ጣት ተጨምቆ ቡጢ ሆነ። በጎ ሥራው «የዘመቻ ተግባር» ተባለ። ለንጉሡ ታማኝ ሁኑ ብሎ ልጆቹን ያስማለው የስፖርት አስተማሪ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ድምፅ፣ ንጉሡን «ይውደም!» አሰኛቸው። ፊሽካው እንኳ አልተለወጠም። «ጓድ በሉኝ» ስላለን «ጓድ ቲቸር» እንለው ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ሴቶች እንድንገባ ተፈቀደልን። እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ የአሥር ልጆች ቡድን መሪ ሆንኩ፣ ፊሽካም አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ያን ፊሽካ ይዤ እተኛ ነበር። እናቴ «ባል ያገባሽ መሰለሽ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

በኅዳር ወር የጭነት መኪና ላይ ተጭነን ከጅማ ወጣ ወዳለችው ወደ የቡ ሄድን። ተግባራችን የዘማች ቤተሰብ ቡና መልቀም ነበር። ለእኔ ቡድን የደረሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልጃቸው ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምቷል፤ ቡናውን የሚለቅመው እሱ ነበር። አሁን የቀሩት እሳቸውና ሚስታቸው ሲሆኑ፣ ዓመቱን የሚኖሩት በዚያች ከቤታቸው ጀርባ ባለች የቡና ማሳ ምርት ነው። እንደምንመጣ ስለተነገራቸው ለእያንዳንዳችን ወገባችን ላይ የምናስረው ትንሽ ቅርጫት አዘጋጅተው ጠበቁን።

«ዲማ ቆፋ፣ ጆሌ» አሉን። ቀዩን ብቻ፣ ልጆቼ።

ጓድ ቲቸር ምን እንዳሉ ጠየቀኝና ነገርኩት። ደስ ብሎት ቡጢውን አነሳ። እሱ የመጣው ቡና ከሱቅ ከሚገዛበት አገር ስለነበር ስለ ቀይ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «አንድም ፍሬ ለጠላት እንዳይቀር!» ብሎ ንግግር አደረገ። በዚያ ማሳ የሚታወቀው የቡና ጠላት ጦጣ ብቻ ነበር። እስከ ማታ ብዙ ጆንያ የሞላው ቡድን የውድድሩን ባንዲራ እንደሚወስድም አስታወቀ።

እዚህ ላይ አላወቅኩም ነበር ብዬ ብምል ዐይኔን ግንባር ያድርገው። ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው፤ ጓሯችን ውስጥ አራት እግር ቡና አለን። አረንጓዴውን ስነካ እናቴ እጄን ትመታኝ ነበር። ያልበሰለ ቡና ደርቆ እንደሚጠቁርና እንደ ገለባ እንደሚቀል፣ ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ ከተሸመጠጠ ደግሞ ለሚመጣው ዓመትም እንደማያፈራ የጅማ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። ከአሥሩ ልጆቼ የማያውቅ አንድም አልነበረም።

እስከ እኩለ ቀን አንድ አንድ እያልን ቀዩን ለቀምን። ሁለት ጆንያ እንኳ አልሞላንም። ከወደ ጎረቤት ማሳ የሌላው ቡድን ጩኸት መጣ፤ አራተኛውን ጀምረዋል። ፊሽካዬን ነፋሁ።

«ሸምጥጡት!» አልኩ።

ማንም አላዘዘኝም። ጓድ ቲቸር ዋንዛ ሥር ጋደም ብሎ ነበር። ልጆቹ አንድ ጊዜ ተያዩና ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ከላይ እስከ ታች ይስቡት ጀመር። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም በአንድ ላይ ቅርጫት ውስጥ ይወርዳል። ጆንያው እንዴት ቶሎ ቶሎ እንደሚሞላ! በእውነት ደስ ይል ነበር።

ሽማግሌው የበቆሎ ንፍሮ በሰፌድ ይዘውልን መጡ። መጡና ቆሙ። አንዱን የተራቆተ ቅርንጫፍ ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ፤ መልሶ ወደቀ። ከዚያ ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው «ኛዳ» አሉን፣ ብሉ። አፈርኩ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ግን አላስቆምኩም። ንፍሮውንም በላን፤ ጨው ያለው ጥሩ ንፍሮ ነበር።

በአንድ ጆንያ በለጥን።

የባንዲራው ርክክብ በሳምንቱ ከተማው አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ወላጆች ሁሉ መጥተዋል። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበው ካድሬ መድረኩ ላይ ተቀምጧል፣ ባንዲራው ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሽማግሌውም ምስጋና እንዲያቀርቡ ከየቡ በመኪና አምጥተዋቸዋል። ለአስተርጓሚነት የተጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ። ልጆቹን አላህ ያሳድጋቸው አሉ። ድካማቸውን አይቻለሁ አሉ። ቡናዬን ግን እንደምንም ራሴ እለቅመዋለሁ፣ ረግፎ ቢቀርም የራሴ እርጋፊ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞረው እንደ ልመናም እንደ ትእዛዝም አድርገው፣ «በራ ዱፉ ሂን ኤርጊና» አሉ። ለሚመጣው ዓመት አትላኩብኝ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ባንዲራውን አየሁ። ሽማግሌው ይታሰራሉ የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አላለፈም፤ ባንዲራው ለሌላው ቡድን ይሰጥ ይሆን የሚለው ግን አለፈ።

«ልጆቹ ቡናዬን እንደ ራሳቸው ቡና አድርገው ለቀሙልኝ ይላሉ» አልኩ። «ለሚመጣውም ዓመት እንዳይቀሩብኝ ይላሉ።»

አዳራሹ ውስጥ ካለው ሕዝብ ኦሮምኛ የማያውቁት ካድሬውና ጓድ ቲቸር ብቻ ነበሩ። ሌላው እንዳለ ሰምቷል። አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው አላረመኝም። ሁሉም አጨበጨቡ። እንዲያ ያለ ጭብጨባ ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም፤ የእናቴ እጅም አብሮ ያጨበጭብ ነበር። ካድሬው ባንዲራውን ሰጠኝ፣ የሽማግሌውንም ጥያቄ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

እናቴ ቤት ስንገባ በሩን ዘጋችና አቅፋ ሳመችኝ። «አልሐምዱሊላህ! ሰውየውን እኮ አተረፍሽ!» አለችኝ። ለጎረቤቱም እንደዚያው ነገረች። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈር ውስጥ ብልህ ልጅ ተባልኩ፤ ምርቃቱን ሁሉ ሳልመልስ ተቀበልኩ።

በዓመቱ ኅዳር፣ በጥያቄያቸው መሠረት፣ እዚያው ማሳ ተመለስን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። የተሰበረው ቅርንጫፍ ደርቋል፤ ከስንቱ እግር አንዱ ላይ ጥቂት ቀይ ፍሬ ይታያል። ቅርጫት አላዘጋጁልንም። ልጃቸው አልተመለሰም፣ ደብዳቤም አልመጣም። ጓድ ቲቸር ግራ ገብቶት ዛፎቹን ሲያይ፣ ሽማግሌው ወደሱ ሄደው እጁን ጨበጡና በጠራ አማርኛ፣

«እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነበር፤ አልቀራችሁም» አሉት።

ለካ አማርኛ ያውቃሉ። ያን ዕለት መድረኩ ላይ አጠገቤ ቆመው እያንዳንዷን ቃል ሰምተው፣ በሰው ፊት ውሸታም እንዳያደርጉኝ ዝም ብለዋል። ጓድ ቲቸር ግን «ምንም አይደል አባት፣ ግዴታችን ነው» አላቸው።

ልጆቹ የሌለውን ፍሬ ሲፈልጉ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ጓሮ ጠሩኝ። ሚስታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ያን ቀን እንደዚያ ያልሽው እንዳያስሩኝ ፈርተሽልኝ ነው አይደል?»

ጠበቁኝ። ዐይናቸውን ሳይ ለዓመት ሙሉ ሲያስቡበት እንደከረሙ ገባኝ። ቡናቸው ሄዷል፤ ለምን እንደዋሸሁ ብቻ ነበር ማወቅ የፈለጉት።

«አዎ አባ» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈካ። ሚስታቸውንም ጠርተው ነገሯቸውና ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ የእናቴን ጤና፣ የምወልዳቸውን ልጆች፣ የእኔን የእውቀት መንገድ አንድም ሳያስቀሩ። እኔም እስኪጨርሱ ድረስ «አሚን፣ አሚን» ስል ቆየሁ።